ተጠባባቂ ቁልፍ

በ2074 ዓ.ም. ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኖላዊት ናትናኤል የመኪና ቁልፍ ቀይ መብራት አበራ። እናቷን ወይዘሮ ፌቨንን ከኋላ ወንበር አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ፣ በሩን ልትዘጋ ስትል ነው ያየችው። መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ቁልፉ በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ "ሃያ አንድ ቀን ቀርቷል" አለ።

"ምን አለ?" አሉ እናቷ።

"ምንም አይደል፣ እማ። ቀበቶሽን እሰሪ።"

ከኮምቦልቻ የመውጫ ተራቸው እስከ አንድ ሰዓት ነበር። ከዚያ ካለፈ መንገዱ አይቀበላቸውም፤ መኪናው ራሱ ዳር ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ኖላዊት ሌላ ነገር ሳትናገር ሞተሩን አስነስታ ወደ ደሴ ነዳች። እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደሴ ላይ የኩላሊት እጥበት አላቸው። አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ቢቀር እግራቸው ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከቀረ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሦስተኛውን ሐኪሙ ሊናገር አልፈለገም።

በዚያ ዘመን ለግለሰብ አዲስ መኪና መሸጥ ቆሟል። ያለው እስኪያረጅ ይነዳል። እያንዳንዱ መኪና ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ አውራ፣ አንዱ ተጠባባቂ ይባላል። ሁለቱም አውራ ጣት የሚያክሉ፣ መገጣጠሚያ የሌላቸው ጥቁር ቁራጮች ናቸው። የሚከፈት ክዳን የላቸውም፤ በጉልበት የፈለቀቃቸው ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ባዶ ቅርፊት ነው። መኪናውም የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ቁልፉን ካላወቀ በሩ ከግድግዳ አይለይም።

ኖላዊት የያዘችው ተጠባባቂውን ነው። አውራው ሰመራ፣ በታላቅ ወንድሟ በኪሩቤል እጅ ነበር። አባታቸው መኪናውን ሲገዙ በበኩር ልጃቸው ስም አስመዝግበውት ነው። ኪሩቤል ወደ ሰመራ ሲሄድ መኪናው ኮምቦልቻ ቀረ፣ ቁልፉ ግን አብሮት ሄደ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ከእህቱ ጋር አይነጋገሩም። በየእሑዱ በእናቱ ስልክ ይደውላል። ኖላዊት ስልኩን ለእናቷ አቀብላ ከክፍሉ ትወጣለች።

በማግስቱ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ገበያው አጠገብ ወዳለችው የወይዘሮ ዘሀራ ሱቅ ሄደች። ሴትዮዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሸጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ቁልፉን አይተው በእጃቸው ሊነኩት እንኳ አልፈለጉም።

"ይሄን ደብቂው ልጄ፣ ሱቄን ያሽጉብኛል።"

"ባትሪው ብቻ ነው እትዬ ዘሀራ።"

"አውቃለሁ ባትሪው እንደሆነ። ድሮ ከዚህ ከሣጥኑ ላይ እንደ ማስቲካ ነበር የምሸጠው። አንቺም ከኔ ወስደሻል። የአባትሽ ሐዘን ሰሞን አይደል? ጥቁር ለብሰሽ መጣሽ።"

"አዎ።"

"እኔ ቀይሬ ሰጠሁሽ። ክዳኑን በሳንቲም ነበር የምንከፍተው።" ሴትዮዋ ሌላ ነገር ሊሉ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2068 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ አባታቸው አቶ ናትናኤል ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኖላዊትና እናቷ ግራና ቀኝ ደግፈው ግቢ አወጧቸው። መኪናው አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል። ኖላዊት ቁልፉን ተጫነች። አልከፈተም። ደግማ ተጫነች፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ በትንፋሿ አሞቀችው፤ መሬት ላይ አንኳኳችው። አምቡላንስ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አቶ ናትናኤል የመኪናውን ጎማ ተደግፈው፣ ጫማቸውን ሳያስሩ፣ እዚያው ሞቱ። ለመጣው ሁሉ ኖላዊት "ቁልፉ ድንገት ዘጋብን" ብላ ተናገረች። በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ኪሩቤል በእንግዳ ፊት፣ "ድንገት?" ብሎ ጠየቃት። ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግስቱ ሄደ።

ባትሪ ያኔ በየሱቁ ይገኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመኪና ስርቆት በዛ ተባለና ባትሪው ከሱቅ ወጥቶ ቁልፍ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ የቁልፎቹም ክዳን ተደፍኖ ድምፅ ተጨመረላቸው።

ጽሕፈት ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ቤት ውስጥ ነው። ኖላዊት ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ ሰኞ ሄደች። ሥራዋ ማሽን የሰፋውን ልብስ ስፌት በጣቷ እየዳበሰች ማሳለፍ ነው፤ በቀን ሁለት ሺህ ሸሚዝ ይነካል እጇ። የተቀበላት ሠራተኛ ሙባረክ የሚባል፣ ጠጉሩ ግንባሩ ላይ የሳሳ፣ ትሑት ሰውዬ ነበር።

"አውራው ማን ጋ ነው?" አላት።

"ወንድሜ ጋ። ሰመራ ነው ያለው።"

"እሱ ራሱ አውራውን ይዞ መምጣት አለበት። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሱ ቃሉን ይሰጣል፤ መዛኙ ማሽን ድምፁን ካጸደቀው ባትሪው ይታደሳል።"

"ምንድን ነው የሚለው?"

ሙባረክ ወደ ግድግዳው ጠቆማት። በትልቅ ፊደል ተጽፏል፦ "እገሌን አውቃለሁ። መኪናዬን በእጁ አምኜ ሰጥቻለሁ።"

ኖላዊት ጽሑፉን አነበበችው። "በስልክ አይሆንም?"

"አይሆንም።"

"አውራው ወደኔ ቢዛወርስ?"

"ይቻላል። ስድስት ወር ይፈጃል። ቀይ ላይ ያለ ቁልፍ ደግሞ ማዛወር አይጀመርለትም።"

"እናቴ እኮ እጥበት ላይ ናት። አውቶቡሶቹ አይጭኗትም።"

ሙባረክ አንገቱን ነቀነቀ። ያውቀዋል። ሾፌር አልባዎቹ አውቶቡሶች ከእጥበት የወጣ ሰው አይቀበሉም፤ መንገድ ላይ ቢወድቅ የሚያነሳው ስለሌለ። የጎረቤት መኪናም የሌላ ቤተሰብ ሰው ሲገባበት አይነሳም። "እህቴ፣ ወንድምሽን ጥሪው" አላት። "ምን ችግር አለው? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።"

ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ኮሪደር ቆማ ደወለች። ቁጥሩን ከእናቷ ስልክ ላይ ነበር የገለበጠችው።

"ሃሎ፣ እማ?"

"እኔ ነኝ።"

 ከኋላው የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ኪሩቤል በረሃ ላይ የተዘረጉ የፀሐይ ሰሌዳዎችን አቧራ የሚያራግፉ ማሽኖች ይቆጣጠራል።

"እማ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ቁልፉ ነው።"

"ስንት ቀን ቀረው?"

"አሥራ አምስት። መብራቱን ባየሁ በማግስቱ ነው ሱቅ የሄድኩት።" አልጠየቃትም ነበር። ነገረችውና ተጸጸተች።

"እመጣለሁ" አለና ዘጋ።

ለመምጣት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ዓርብ ጠዋት ጨው ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ወርዶ በእግሩ ቤት ደረሰ። ከስቷል፤ ፊቱ ጠቁሮ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቱ አልጋ ላይ ሆነው እንደ ዕውር ሰው ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። ኖላዊት ውሃ አቀረበችለት። "እንዴት ነሽ?" አላት። "ደህና ነኝ፣ እንዴት ነህ?" አለችው። አራት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤቱ ደረሱ።

ሙባረክ ሁለቱን ቁልፎች ሳህን በሚመስል ነገር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ኪሩቤል ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኖላዊት ናትናኤልን አውቃታለሁ። መኪናዬን በእጇ አምኜ ሰጥቻለሁ።"

ሳህኑ ጠርዙ ቀላ። ከፊት ለፊቱ "ድምፁ አልጸናም" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ያጋጥማል" አለ ሙባረክ። "ረጋ ብለው ይበሉት።"

ኪሩቤል ደገመው። "አምኜ" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ፤ ማንም ሰው ሊሰማው ይችል ነበር። ሳህኑ ቀላ።

ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወደ እነሱ ዞሩ። ኖላዊት የራሷን ጫማ ትመለከት ነበር።

ሙባረክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ብቻ ነው የቀራችሁ" አለ። "ሦስተኛው ከወደቀ ተጠባባቂው ዘጠና ቀን ይዘጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለን። ወጣ በሉ፣ ምሳ ብሉ፣ ተመለሱ።"

ምሳ አልበሉም። መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ እሱ መሪው ጋ፣ እሷ ጎኑ። ፀሐዩ በመስታወቱ ይገባል። ኖላዊት ተናገረች።

"ድንገት አልነበረም።"

ኪሩቤል አልዞረም።

"ሃያ ቀን ሙሉ ቀይ ሲያበራ አየሁት። ያኔ አይናገርም ነበር፤ ብልጭ ብቻ ነበር የሚለው። በየቀኑ አየዋለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ እገዛለሁ እላለሁ፤ ስወጣ እረሳለሁ። ሱቁ እኮ መንገዴ ላይ ነበር። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ሰላም ይሉኝ ነበር። ከዚያ አባዬ... ለሰው ምን ልበል? ድንገት ዘጋ አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻ አጣሁለት።"

"አውቃለሁ" አለ ኪሩቤል።

"እንደምታውቅ አውቃለሁ። 'ድንገት?' ስትለኝ ገብቶኛል። ከማን እንደሰማህ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

ኪሩቤል አውራውን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ላይ ያዘው። ጠርዙ ተልጧል። 

"የተጠባባቂው ባትሪ ሲደክም አውራውም ያበራል" አለ። "ለየብቻ አይደሉም። አንቺ ስታይ እኔም ሰመራ ሆኜ ሳይ ነበር። ሃያ ቀን።"

ኖላዊት ዞር ብላ አየችው።

"ትቀይረዋለች ብዬ ነበር። አንድ ቀን ለመደወል ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ፤ ሌላ ሰው ጠራኝና ተውኩት። አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። 'ኖላ፣ ባትሪውን ቀይሪ' ማለት ነው፣ በቃ። ከዚያ አባዬ ሞተ ተባለ። ለቅሶ መጥቼ ድንገት ስትዪ ስሰማ..." ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። "ደስ አለኝ መሰለኝ። የምጠላው ሰው አገኘሁ። ስድስት ዓመት አንቺን እየጠላሁ ራሴን አተርፍ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ። እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እሱ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ። በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች በመስታወቱ አዩአቸውና ፈጠን ብለው አለፉ። ኪሩቤል እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። ስፌት በመዳበስ ብዛት የጣቶቿ ጫፍ ለስልሷል።

"ነይ" አላት ቆይቶ። "አሁን እለዋለሁ።"

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ሙባረክ የሁለቱንም ዓይን አይቶ ምንም አልጠየቀም። ቁልፎቹን አስቀመጠ። ኪሩቤል ቆመ። ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እህቱ እያየ ነበር የተናገረው።

"ኖላዊት ናትናኤልን አውቃታለሁ። መኪናዬን..."

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። "መኪናዬን በእጇ አምኜ ሰጥቻለሁ።"

ሳህኑ ቀላ። "ድምፁ አልጸናም። ተጠባባቂ ቁልፍ ለዘጠና ቀን ተዘግቷል።"

"ኧረ ቆይ!" አለ ኪሩቤል። "ቆይ እንጂ! የምሬን ነው እኮ! የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው የዋሸሁት፣ ይሄ እኮ..."

"ገብቶኛል" አለ ሙባረክ።

"ታዲያ ጻፍልኛ! አንተ አይተሃል!"

"ያየሁትን የምጽፍበት ቦታ የለውም።" ሙባረክ ማያውን ወደ እነሱ አዞረው። እውነትም ምንም የሚሞላ ነገር አልነበረበትም። "መንቀጥቀጡን ነው የሚለካው። ከምን እንደመጣ አይለይም። በዘጠና አንደኛው ቀን ኑ። እስከዚያ አውራው ይሠራል፤ በባለቤቱ እጅ ብቻ።"

ኖላዊት ቁልፏን ከሳህኑ ላይ አነሳች። መብራቱ ጠፍቷል። ማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እናታቸው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከከተማው መውጣት አለባቸው።

ኪሩቤል እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ ሰመራ ደወለ። መጀመሪያ አርባ ቀን ፈቃድ ሰጡት። በአርባ አንደኛው ቀን ደውለው መቼ እንደሚመለስ ጠየቁት፤ ቀኑን ነገራቸው። በሃምሳኛው ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጡት ጻፉለት። ደብዳቤውን ራት ላይ አነበበላቸውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ መኪናውን ያሞቃል። እሱ ይነዳል፤ ኖላዊት ከእናቷ ጋር ከኋላ ትቀመጣለች። በሌሎቹ ቀናት እሷ ፋብሪካ ትሄዳለች፣ እሱ ቤት ይውላል። የእጥበቱ መርፌ የገባበት ክንድ እንዴት እንደሚታሰር፣ እናታቸው በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደሚፈቀድላቸው ተማረ። ወጡ ላይ ጨው ይጨምርና ይጣላሉ። የጣራውን አሸንዳ ጠገነ። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ አሸንዳው መልሶ ወደቀ፤ ኖላዊት ሳቀችበት፤ እሱም እየተሳደበ ዝናብ ላይ ወጥቶ መልሶ ሰቀለው። አባታቸው ስለሞቱበት ቦታ፣ ከመኪናው ጎማ ሥር ስላለው ሲሚንቶ፣ አላወሩም። ሁለቱም ሲያልፉ ግን አይረግጡትም። ወይዘሮ ፌቨን ይህን ካልጋቸው ሆነው በመስኮት ያዩ ነበር።

አንድ ቀን ደሴ ላይ፣ እጥበቱ ገና ሳይጀመር፣ እናታቸው ኪሩቤልን ጠሩት።

"የዚያን ቀን ነገር ተነጋገራችሁ?"

"ተነጋገርን፣ እማ።"

"እኔን የጠየቀኝ የለም" አሉ። "አባታችሁ ቁልፉን አላማረረም። 'ልጅቷ ላይ አትጩሂ' ነው ያለኝ። ያልነገርኳችሁ ሁለታችሁም ስላልጠየቃችሁኝ ነው።" ከዚያ ክንዳቸውን ለነርሷ ዘረጉ።

ኪሩቤል ይህን ለእህቱ የነገራት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ሳሙናው ውስጥ እንደነከረች ቆመች፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ዘጠና አንደኛው ቀን ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ላይ ዋለ። እናታቸውን ይዘው ስለነበር የመውጫ ተራቸውን ለአንድ ቀን አስለውጠው በሁለት ሰዓት፣ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት፣ በር ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ፌቨንን በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ዝናቡ እያካፋ ነው።

ሙባረክ አልረሳቸውም። ቁልፎቹን እያስቀመጠ ወደ ኪሩቤል ጠጋ አለና፣ "ልብዎን አያስገቡበት" አለው። "ሌላ ነገር ያስቡ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

ኪሩቤል ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። ስለ አሸንዳው አሰበ፤ የሚገዛውን ሚስማር ቁጥር ሊያስታውስ ሞከረ። እህቱን አላያትም።

"ኖላዊት ናትናኤልን አውቃታለሁ። መኪናዬን በእጇ አምኜ ሰጥቻለሁ።"

የጣቢያ ስም እንደሚጠራ ሰው ነበር ያለው። ሳህኑ አረንጓዴ ሆነ። "ድምፁ ጸንቷል። ተጠባባቂ ቁልፍ ለስድስት ዓመት ታድሷል።"

"አለቀ" አለ ሙባረክ፤ ቁልፉንም ለኖላዊት ሰጣት። ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱንም ጨበጣቸው፤ ይህ በመመሪያው ውስጥ የለም።

በረንዳው ላይ እናታቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው ይጠብቃሉ። "ተሳካ?"

"ተሳካ፣ እማ።"

ደግፈው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። መኪናው ሁለቱን ቁልፎች ባንድ ጊዜ ስላወቀ አራቱም በሮች ተከፈቱ። እናታቸውን ከኋላ አስቀመጡ። ከዚያ ወንድምና እህት ዝናቡ ላይ ቆመው ተያዩ።

"ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?" አሉ ወይዘሮ ፌቨን ከውስጥ። "ረፈደ እኮ!"

ኪሩቤል በመኪናው ፊት ዞረ። መሪው ጋ ያለውን በር አልፎ፣ በተቃራኒው በኩል ገብቶ ተቀመጠ፤ ቀበቶውንም አሰረ። ከአባቱ ቀብር ወዲህ እሷ በምትነዳው መኪና ተሳፍሮ አያውቅም። ኖላዊት ገባች፤ መስታወቱን ለራሷ ቁመት አስተካከለች፤ ሞተሩን አስነሳች።

ከከተማው ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ጉም ወረደ። ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ መንገዱ ከአሥር ሜትር በላይ አይታይም ነበር፤ በግራ በኩል ገደሉ አለ፤ ጭነት መኪኖች ከላይ ጥሩንባ እየነፉ ይወርዳሉ። ኖላዊት መሪውን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ይዛለች።

"ልጄ" አሉ እናቷ ከኋላ፣ በቀስታ። "ወንድምሽ ምነው ዝም አለ?"

ኖላዊት ዞር ብላ አየችው። ራሱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ እጆቹ ጭኑ ላይ ተፈትተዋል።

"ተኝቷል" አለች። ማርሹን ቀንሳ ጠመዝማዛው ውስጥ ገባች።